መጋረጃውን ያወረድኩት እኔ ነኝ

ልጄ ቢፍቱ አምቦ ሥራ አገኘሁ ብላ ስትደውልልኝ እሰይ ከማለቴ በፊት «ማታ ማን ያደርስሻል?» ነበር ያልኳት። እንዲህ ነኝ። ሰው ልጅ ሲወለድለት ስም ያስባል፤ እኔ ቢፍቱ ስትወለድ ያሰብኩት ከአልጋ የምትወድቅበትን ቀን ነው። ባለቤቴ ቀጀላ «አንቺ እኮ ዝናብ ሳይጥል የምትበሰብሺ ሰው ነሽ» ይለኛል። «ሲጥል እንተያያለን» እለዋለሁ። እስካሁን የሳቀው እሱ ነው።

ሥራው በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ፈረቃ አለው። በማታ ፈረቃ ወጥታ ወደ ጊንጪ የምትመለስበት መኪና ስለሌለ የግድ እዚያው አምቦ ቤት መከራየት ነበረባት። ቤቱ ግን በቀላሉ አልተገኘም። አንዱ አከራይ ያላገባች ሴት አላስገባም አለ። አንዷ ውሃ የምትቀጂው እኔ ስፈቅድ ነው አለቻት። ሌላው ቤት በሩ የሚዘጋው ድንጋይ በማስደገፍ ነበር። በመጨረሻ ከክሊኒኩ በእግር የሚደረስበት ግቢ ውስጥ የኦቦ ተሬፋን ክፍል አገኘች። ኦቦ ተሬፋ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ጸጥታ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ይሄ ቤት ካመለጠኝ ሥራውም አመለጠኝ ማለት ነው» አለችኝ ቢፍቱ። «ሰኞ እጀምራለሁ። እባክሽ እማዬ፣ ስትመጪ ዕቃውን አስገቢና ዝም ብለሽ ተመለሺ።»

ዝም ብዬ! እኔን!

ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር። አንድ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት በኪራይ ቤትና በእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የሚደበቁ ካሜራዎችን ያሳያል። ሰዓት ውስጥ፣ ሶኬት ውስጥ፣ የልብስ መስቀያ ውስጥ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ዓይን ይቀመጣል አለ። መፈለጊያውንም አስተማረ። ክፍሉን ታጨልማለህ፤ በስልክህ መብራት ግድግዳውን ትቃኛለህ፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካየህ ትጠጋለህ። ከአልጋና ከመታጠቢያ ፊት ለፊት ያለ ዕቃ ሁሉ ይጠረጠራል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ለቀጀላም አሳየሁት።

«የኛን ቤት ማን ሊያይ?» አለኝ። «ላሞቹን?»

«የቢፍቱን ነው የምልህ!»

«ኦቦ ተሬፋ ሽማግሌ ናቸው ተብሏል።»

«ሽማግሌ ዓይን የለውም?»

ቅዳሜ ጠዋት ፍራሹን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ከጊንጪ ተነሳሁ። አምቦ ስደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ቢፍቱ ከባጃጅ ላይ ፍራሹን አውርዳ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ይዘን ገባን። የኦቦ ተሬፋ ባለቤት አዴ ሸዋገነት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ነጋን ዱፍተኒ፣ ሀዳ ቢፍቱ! ኧረ ፍራሹ ጭቃ እንዳይነካው!» አለች፤ በሰላም መጣችሁ ወይ፣ የቢፍቱ እናት ማለቷ ነው።

ፍራሹ እንዳይነካ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ከመሬቱ በቀር ግቢውን አላየሁም። ይህን አስታውሱልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ቀና ብዬ ግቢውን ሳላይ ነው።

ቢፍቱ ጋውን ልትቀበል ክሊኒኩ መሄድ ነበረባት። ከበሩ ላይ ዞር ብላ «እማዬ፣ አደራ» አለችኝ። ምን እንደሆነ አላለችም። ታውቀኛለቻ።

እንደወጣች በሩን ዘጋሁ፤ መጋረጃውን ሳብኩ፤ የስልኬን መብራት አበራሁ። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ በደንብ ተለስኗል፤ ግን ከቀድሞ ተከራዮች የቀረ የሚስማር ቀዳዳ ሞልቶበታል። አንዱ ፎቶ ሰቅሏል፣ አንዱ ልብስ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሰቀለ እግዜር ይወቅ፣ ግድግዳውን ወንፊት አድርጎታል። ለእኔ እያንዳንዱ ቀዳዳ ዓይን ነበር። ያመጣሁትን የልብስ ሳሙና በእጄ እየቆነጠርኩ እያንዳንዱን ደፈንኩ። ሶኬቱን በሻሼ ሸፈንኩት። ከዚያ መብራቱን ወደ መስኮቱ ሳዞር ደሜ ቀጥ አለ። አንድ ረድፍ ዓይን አፈጠጠብኝ።

የመጋረጃው የብረት ቀለበቶች ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን ከቀለበቶቹ አንዱ የውሸት ቢሆንስ ብዬ መጋረጃውን አወረድኩ። እያንዳንዱን ቀለበት በጥርሴ ነከስኩ። ሁሉም ብረት ነው። እግረ መንገዴን መጋረጃው አቧራ መጠጣቱን አየሁ፤ አቧራ ካየሁ ደግሞ መተው አልችልም። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ አሸሁት፣ ደጅ ያለው ገመድ ላይ አሰጣሁት፣ ተመልሼም በሩን በጥንቃቄ ቀረቀርኩ። ማንም እንዳያየኝ።

ቀሚሴ በሳሙና ውሃ ርሶ ስለነበር አውልቄ በውስጥ ቀሚስ ቀረሁ። ክፍሉ ስለጨለመ አምፖሉን አበራሁ። አልጋው ላይ ወጣሁና ወደ ኮርኒሱ ዞርኩ። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ኖራ የተቀባ ነው። መሐሉ ረገብ ብሏል። በውስጡ ካሜራ ብቻ ሳይሆን በካሜራ የሚያነሳ ሰው ሊተኛበት ይችላል። ለቀጀላ ደወልኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኮርኒሱ ረግቧል» አልኩት።

«ጆንያ ነው፤ ይረግባል።»

«ከባድ ነገር ተቀምጦበት ቢሆንስ?»

«አይጥ ይሆናል።»

«ቀጀላ፣ እኚህ ሰውዬ አላማሩኝም። ጸጥታ እወዳለሁ ይላሉ አሉ። ጸጥታ የሚወድ ሰው የሚያዳምጠው ነገር አለው ማለት ነው። ለምን ሴት ልጅ መርጠው አከራዩ? ለምን ኪራዩን አላስወደዱም? ርካሽ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም!»

«አንቺ ሴት፣ በእናትሽ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«በሩ ተዘግቷል እኮ! ማን ይሰማኛል?»

ይህን ብዬ ጆንያውን በመጥረጊያው እንጨት ጎሰም አደረግኩት። ስንት ዘመን የተጠራቀመ አቧራ፣ ከእነ አይጡ ቅርስ፣ ራሴ ላይ ወረደ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ሰው አሳለው።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ የወንድ ድምፅ፣ አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ። «ጎረቤት ነኝ፤ ገመቺስ፣ መምህር ነኝ። ኮርኒሱ የሁላችንም አንድ ነው። እርስዎ ሲነቀንቁት አቧራው ሻዬ ውስጥ ይወርዳል።»

አልጋው ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ግድግዳው... አይደርስም?»

«ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከላይ ክፍት ነው።»

«ከየት ጀምሮ ሰማኸኝ?»

የሻይ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ጨዋ ልጅ ነው። «ከሳሙናው» አለ።

ቀዳዳዎቹን በሳሙና ስደፍን ለራሴ እያወራሁ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ኦቦ ተሬፋስ? እሳቸው ቤት ፊት ለፊት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ግን ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ክፍል የእህል ጎተራቸው ነው። ቅድም ጤፍ ሊያወጡ ገብተው ነበር።» እንደገና አሳለው። «አሁን የወጡ መሰለኝ።»

ከአልጋው ላይ ያለው ስልክ «አላልኩሽም?» አለ። ዘጋሁት።

ቀሚሴን እርጥቡን እንዳለ ለብሼ፣ ነጠላዬን ሳጣፋ በሩ ተንኳኳ። አዴ ሸዋገነት ናት። ፊቷ ላይ የማይነበብ ነገር አለ።

«ሀዳ ቢፍቱ፣ አባ ሌታ ይጠሩሻል። ሳሎን ናቸው።»

አባ ሌታ የምትለው ባሏን፣ ኦቦ ተሬፋን ነው። ሌታ ልጃቸው ነው። ካፊያ ጀምሮ ነበርና በጣሪያው ሥር እየሮጥን ተሻገርን። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ሥራ የምትጀምር ልጄን በአፌ ደጅ አወጣኋት።

ሳሎኑ ውስጥ ለቅዳሜ ጸሎት የመጡ እንግዶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ኦቦ ተሬፋ ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። መቆጣታቸውን ያወቅኩት በጣም ትሑት ስለሆኑ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ሀዳ ቢፍቱ። ካሜራ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ።»

«እኔ... እንዲያው...»

«እኔ የምደብቀው የለኝም። ካሜራ አለኝ። ይኸው!»

እጃቸውን ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን ዘረጉ። እስከዚያ ድረስ ድራማ የተከፈተ መስሎኝ ነበር። ግቢው ነው! የኪራይ ክፍሎቹ ረድፍ፣ ጥግ ያለው ሻወር ቤት፣ ገመዱ፣ ገመዱ ላይ ደግሞ የኔ መጋረጃ።

«አምና የሌታ ሞተር ከዚህ ግቢ ተሰረቀ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ይኸን አስተከልኩ። ከጣሪያው ሥር በግልጽ ተሰቅሏል፣ ቀይ መብራት አለው። ቤተሰቡ ሁሉ እንዲጠብቅ ቀኑን ሙሉ እዚህ ክፍት ነው። ይኼ መደበቅ ነው?»

አልነበረም። እኔ ምስር የሚያክል ዓይን ስፈልግ ብርጭቆ የሚያክለው በጀርባዬ ተሰቅሎ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ልዩ የምትባል የአጥር ጎረቤት፣ ነገሩን ልታለዝብ ብላ ፈገግ አለችልኝ። «አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ። ገና ከመግባትሽ ኮርኒስ ስትጠርጊ አየንሽ። በርቺ!»

ኮርኒስ ስጠርግ አዩኝ።

ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ። መጋረጃ የሌለው መስኮት፤ በውስጡ የበራ አምፖል፤ አልጋው፤ ሶኬቱ ላይ ሻሼ። ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያ አልጋ ላይ በውስጥ ቀሚስ ቆሜ፣ መጥረጊያ ይዤ፣ የጸሎት ሰዎች ፊት ጣሪያ ስጎስም ነበር። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበረ ተስፋ አደርጋለሁ። ልዩ አልጨፈነችም።

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። የውርደቴን መጠን ሰፍሬ ሳልጨርስ ግን ቢፍቱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገባች።

ካፊያው አርሷት እየሮጠች በግቢው አለፈች። የክፍሏን በር ከፍታ ገባች። በሩን ከውስጥ ዘጋች፤ እንደኔው፣ በጥንቃቄ። ከዚያ በመስኮቱ ውስጥ ታየች። ጋውኑን ከፌስታል አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። እርጥቡን ጃኬቷን አወለቀች። እጇን ወደ ሸሚዟ ቁልፍ ሰደደች።

ምን እንዳደረግኩ የነገሩኝ በኋላ ነው። በእንግዶቹ እግር ላይ ተራምጄ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ የኦቦ ተሬፋን ቴሌቪዥን አለበስኩት። እሱም አልበቃኝ፣ በሁለት እጄ አቅፌው ቆምኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ኦቦ ተሬፋ የሚወዱት ዓይነት ጸጥታ ግን አልነበረም።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አሉ።

እዚህ ጋ ይቅርታ ጠይቄ፣ ነጠላዬን አንስቼ ብወጣ ምናልባት ልጄ ቤቷን አታጣም ነበር። ይህን አስቤዋለሁ። ግን ነጠላውን ካነሳሁ ያ ሁሉ ሰው ያያታል።

«ኦቦ ተሬፋ» አልኩ። «ስለ እርስዎ ክፉ ተናግሬያለሁ፤ በድያለሁ። ግን ልጄ ልብስ እየቀየረች ነው።»

«መጋረጃ አለው እኮ ቤቱ! ማን አወረደው?»

«እኔ ነኝ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እንግዲያውስ!» አሉ። «ካሜራው የተተከለው ሌባ እንዲያይ ነው።»

«ሌባ ሲመጣ ሌባ ያያል። ሌባ በማይመጣበት ቀን ግን ልጄን ያያል። ዛሬ መጋረጃ አወረድኩ፤ ነገ ነፋስ ይገልጠዋል። ሻወር ቤቱስ? ፎጣ ለብሳ ስትወጣ መጋረጃ ይዛ ትሂድ?»

«እኔ ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የተቀበልኳት!» እርስዎ ማለቱን ተዉት።

«ልጅዎ ብትሆን ፎጣ ለብሳ እዚህ እንግዳ ፊት ትታያለች?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ቤቴን ያላመነ ሰው... አምቦ ቤት ሞልቷል» አሉ።

አለቀ፤ ስጠብቀው የነበረው ክፉ ነገር መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቴሌቪዥኑን ግን አልለቀቅኩም።

«አባ ሌታ» አለች ሸዋገነት ከበሩ ላይ። «እኔ ገላዬን የምታጠበው የት ይመስልሃል?»

«የት ነው፤ ሻወር ቤት ነዋ።»

«እነ ልዩ ቤት ነው። ያ ነገር ከተሰቀለ ጀምሮ።»

ኦቦ ተሬፋ ወደ ልዩ ዞሩ። ልዩ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔን ደግሞ የናንተ ውሃ ይሞቃል ብላኝ ነበር!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?» አለች ሸዋገነት። «ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእንግዳ ያሳየኛል ልበል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሞተሩ ጠፍቶ እንቅልፍ አጥተህ ነበር። ካሜራው ሲመጣ እንደ ልጅ ተደሰትክ። እንዴት ልንገርህ?» ወደኔ አየች። «እሷ ባትመጣ አሁንም ባልነገርኩህ። መምህሩም ያው ፎጣውን ይዞ ሲሮጥ ስንቴ ስቀህበታል። ለምን እንደሚሮጥ አስበህ ታውቃለህ?»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መምህሩ ፎጣ ይዞ ሲሮጥ አይቶ ኖሮ ሁሉም አንድ ላይ በሳቅ ፈነዳ። ኦቦ ተሬፋ ግን አልሳቁም። ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በነጠላዬ የተሸፈነውን ቴሌቪዥናቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልዩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሂጂና ለልጅቷ አንሶላ መስኮቱ ላይ ስቀይላት። ሸዋገነት፣ መሰላሉ የት ነው ያለው?»

ቢፍቱ የሰው ጋጋታ ሰምታ ሸሚዟን እንዳጠለቀች ከልዩ ጋር መጣች። ቴሌቪዥን አቅፌ ስታየኝ ምን እንደተፈጠረ አልጠየቀችም። «እማዬ» አለች፣ «ዝም ብለሽ ተመለሺ ብዬሽ ነበር እኮ።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቤቱን እንዳጣን ነበር የመሰላት።

ካፊያው ሲያባራ ኦቦ ተሬፋ መሰላሉ ላይ ወጡ። መምህር ገመቺስ ከሥር ያዘላቸው። ቢፍቱ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት እንድትቆም ተደረገ። ሻወር ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚታይ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደኔ አየ። ደግሞስ ከኔ የበለጠ የታየ ማን አለ? ሄጄ ቆምኩ።

«አሁን?» አሉ ኦቦ ተሬፋ ካሜራውን ወደ ግቢው በር እየጠመዘዙ።

«ሙሉዋ ትታያለች!» አለች ቢፍቱ ከውስጥ።

«አሁንስ?»

«ግማሽዋ!»

«የቱ ግማሽ?» አልኩ እኔ።

«ወፍራሙ!» አለች ልዩ።

መሰላሉ በሳቅ ተንቀጠቀጠና ኦቦ ተሬፋ «ያዝ እንጂ፣ አንተ መምህር!» ብለው ጮኹ። አሁንስ ይወድቃሉ ብዬ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። አልወደቁም። እንደገና ጠመዘዙ።

«እጇ ብቻ ይታያል!» አለች ቢፍቱ። «ትንሽ ወደ ግራ... አዎ... መስኮቴ ከምስሉ ወጣ። የግቢው በር በደንብ ይታያል።»

«ሞተር የሚቆምበትስ?» አሉ።

«እሱም ይታያል፣ ኦቦ ተሬፋ።»

ብሎኑን አጠበቁት። ከመሰላሉ ወርደው እጃቸውን ጠረጉና ወደኔ ሳይሆን ወደ ሳሎኑ በር ተናገሩ። «ቢፍቱ! በይ አሁን ዕቃሽን አስተካክዪ። ሰኞ ሥራ አለብሽ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሀዳ ቢፍቱ፣ እርስዎም ያንን ሳሙና ከግድግዳዬ ላይ ይልቀሙልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ግን ከሻወር ቤቱ በር አልተነሳሁም። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አወናጨፍኩ።

«ቢፍቱ! አሁንስ?»

«የለሽም፣ እማዬ!»

«ስዘልስ?»

«ጭራሽ የለሽም አልኩሽ!»

መምህሩ መሰላሉን እንደተሸከመ ቆሞ ያየኛል። ለማንኛውም ብዬ አንዴ ደግሜ ዘለልኩ።